ቁምጣ፣ ሙሉ ሱፍና ነጭ ጋዋን፦ ድሬዳዋ የገጠመን የአንድ እንግዳ መምህር ጉዳይ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ቆሟል። ጥበቃችን እግሩን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ልጁ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። የትምህርት ቤታችን ደንብ ደግሞ ነጠላ ጫማ አይፈቅድም።

«ጫማዬ ትናንት ተቀደደ፤ ሰፊ ጋር ነው» ይላል ልጁ።

«ሄደህ አምጣው» ይላል ጥበቃው።

በዚህ መሀል እንግዳው የእንግሊዝኛ መምህራችን ከባጃጅ ወረደ። ቁምጣ ለብሷል። ቁምጣው ጉልበቱን አይሸፍንም። እግሩ ላይ ልክ እንደ ልጁ ነጠላ ጫማ። ጥበቃው ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠውና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

ልጁ መምህሩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞረ።

«አቦ ጋሼ፣ እሱንስ?»

ይቺ አጭር ጥያቄ ከበሩ ተነስታ ዩኒት ሊደሩ ጋ ደረሰች። ከዩኒት ሊደሩ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ። ከምክትሉ ደግሞ እኔ ጋ መጣች። በጊዜው የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ሄድ ስለነበርኩ ጉዳዩ የኔ ነው ተባለ። እውነት ለመናገር ካምስት ሳምንት በፊትም የኔ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ድሬዳዋ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ብዬ ልለፈው። የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ይህን የምጽፈው ውጭ ሄዶ ወይም ከውጭ መጥቶ እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ሰው፣ ከሱ ይበልጥ ደግሞ እንግዳውን ለሚቀበል ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ሰውየው

መምህሩ ሠላሳዎቹን የጀመረ ፈረንጅ ነው። በበጎ ፈቃድ ለአንድ ሴሚስተር፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ ሊያስተምር መጣ። ሰነፍ ነበር እንዳትሉ። ሴልታ የሚባለውን የካምብሪጅ የአስተማሪነት ኮርስ ወስዷል። ቢያንስ 120 ሰዓት የሚፈጅ፣ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ እያስተማሩ የሚገመገሙበት ኮርስ ነው። ከዚያም ጃፓን ሁለት ዓመት አስተምሯል። የጃፓን መንግሥት በፈረንጆቹ ከ1987 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የውጭ አገር ረዳት መምህራን የሚያስገባበት ፕሮግራም አለው፤ በሱ ነው የሄደው።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ጎበዝ ነው። ከ60 በላይ ተማሪ የተጨናነቀበት ክፍል ገብቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስወራቸዋል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን ግን እስከ ስምንት የተማሩት ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ፣ ገሚሱ በሶማሊኛ ነው። ዘጠኝ ሲገቡ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ላለ ልጅ አፉን የሚያስከፍትለት አስተማሪ ወርቅ ነው። ቢሄድብን ደግሞ ሌላ የሚመጣ አልነበረንም።

ስለዚህ ዝም አልን።

አምስቱ ሳምንታት

ዝምታችን ግን ጆሮ ያደነቁር ነበር። ስታፍ ሩም ውስጥ እሱ ሲገባ ወሬ ይቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። አንዱ «ስፖርት ነው የሚያስተምረው እንዴ?» ይላል። ሌላው «ወደ ክፍል ነው ወይስ ወደ ዋና?» ይላል። ተማሪዎቹማ ሙድ መያዣ አደረጉት። የሚኒ ሚዲያ ልጆች በእረፍት ሰዓት አጭር ድራማ ሲያቀርቡ አንዱ የዩኒፎርም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በእንግሊዝኛ እየተኮላተፈ ወጣ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም አብሮ ሳቀ፤ በማን እንደሚሳቅ አልገባውም።

ያኔ አፈርኩ። ግን አሁንም አልነገርኩትም።

ይሉኝታ ነው። እንግዳ ነው፤ በነጻ ነው የሚያስተምረው፤ ፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ። አንድ ወንድ ፊት ቆሜ «ጭንህ ይታያል» እንዴት ብዬ ልበል? ለወንዶቹ ባልደረቦቼ «እናንተ ንገሩት» አልኳቸው። እነሱ «አንቺ ዲፓርትመንት ሄድ ነሽ፣ አንቺ ንገሪው» አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ «በዘዴ ይነገረው» አለ። ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ግን አልተገኘም።

ደንቡም አላገዘንም። የተማሪው ደንብ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። ፀጉር፣ ጠባብ ሱሪ፣ ጫማ፣ ምኑ ቅጡ። የመምህሩ ግን አንድ መስመር ናት፤ «መምህር ለሙያው የሚመጥን አለባበስ ይኖረዋል» ትላለች። የሚመጥነው ምን እንደሆነ እኛ ሳንማረው እናውቀዋለን። እሱ ከየት ይወቀው?

እዚህ ላይ ስለ ድሬ አንድ ነገር ልበል። ይህች ከተማ ሰው ታሳስታለች። በፈረንጆቹ 1902 የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከጅቡቲ በመጣ ሸቀጥና ከየአገሩ በመጣ ሰው ያደገች ከተማ ናት። ደንታ የላትም። አንቱታ አትወድም። አዲስ አበባ ብትሆን «እርስዎ» የሚባለው ሽማግሌ እዚህ «አንተ» ይባላል፣ አይቀየምም። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጭር ሲል ስንቱ የተከበረ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ከዚራ ሰፈር ስትሄድ ጥላ ሥር ነጠላ ጫማ አድርጎ ቡና የሚጠጣው ሰውዬ ዶክተር ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ያየ እንግዳ «እዚህ አገር ወግ የለም፣ እንደፈለጉ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ያ ዶክተር ግን ነገ ጠዋት በሽርጥ ሆስፒታል አይገባም። ያ «አንተ» የሚባለው ሽማግሌ ልጁ ትምህርት ቤት ሲጠራ ሱሪውን አስተኩሶ፣ ሸሚዙን ከትቶ ነው የሚመጣው። ድሬ በአፏ የማትሰጠውን አንቱታ በልብስ ትሰጣለች። የቤት ልብስና የሥራ ልብስ መሀል ያለውን መስመር ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ንግግሩ

የዚያን ማክሰኞ በሻይ ሰዓት ጠራሁት። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የልጁን ነገር ነገርኩት። በር ላይ የተመለሰው በነጠላ ጫማ ምክንያት መሆኑን፣ አንተ ግን በዚያው ጫማ መግባትህን፣ ልጁም ይህን መጠየቁን። ስለ ጭን አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ጫማ ማውራት ይቀላል።

ፊቱ ቀላ። እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። «ስንት ጊዜ ሆነው? ሁሉም ሰው ያስበዋል?» አለኝ።

«አምስት ሳምንት» አልኩት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። ይሉኝታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ያቺን ቃል ግን ዛሬም አልችላትም።

ከዚያ ያጫወተኝ ነገር ይህን ጉዳይ እንድጽፈው ያደረገኝ ነው። ጃፓን ሲሄድ ገና ሳይነሳ ሁሉ ተነግሮት ነበር። ሱፍ ያዝ፣ ከረባት ያዝ፣ ንቅሳትህ እንዳይታይ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ የምትቀይረው የቤት ውስጥ ጫማ ያዝ። እዚያ ተማሪውም መምህሩም በር ላይ የውጭ ጫማውን አውልቆ ሌላ ያጠልቃል። ክንዱ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ተነቅሷል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በረጅም እጅጌ ሸፍኗት ነው የኖረው። ለኛ አገር ግን ማንም ምንም አልነገረውም። ስለዚህ ራሱ አሰበ።

«ሀብታም መስዬ እንዳልታይ ነው» አለኝ። «ድሃ አገር ነው የምሄደው፣ ጥሩ ልብሴን ለብሼ ባስተምር ሰው ይሳቀቃል ብዬ ያረጀ ያረጀውን መርጬ ነው የያዝኩት።»

ዝም ብዬ አየሁት። ሰውየው ለአምስት ሳምንት ሙሉ እያከበረን ነበር። እኛ ለአምስት ሳምንት ሙሉ ናቀን ብለን እናማዋለን።

ሠራተኞቻችን መሀል አንድ ወጣት የፊዚክስ መምህር አለ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ተርፎ ብዙም አይዘልቅ። ለሥራ የሚሆን ሱሪ ሁለት ነው ያለው። ማታ ሱሪውን አጣጥፎ ፍራሹ ሥር ያደርጋል፤ ጠዋት በካውያ የተተኮሰ መስሎ ይወጣል። ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳለን እንዲሁ ነበር የምናደርገው። በፈረንጁ ነገር ከሁሉም ይበልጥ የተናደደው እሱ ነበር። «እኔ በሁለት ሱሪ ሽክ ብዬ እየመጣሁ፣ እሱ መልበስ እየቻለ?» ይል ነበር። ንዴቱ የፋሽን ጉዳይ አልነበረም። እኛ ዘንድ ያልተስተካከለ ልብስ የሚለብስ ሰው ወይ የቸገረው ነው፣ ወይ ፊቱ ያለውን ሰው ከቁም ነገር ያልቆጠረው ነው። ፈረንጁ እንዳልቸገረው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሁለተኛው ብቻ ቀረ።

ሙሉ ሱፍ

ሐሙስ ዕለት በሙሉ ሱፍ መጣ።

ከየት እንዳመጣው እስካሁን ይገርመኛል፤ ለካ የጃፓኑን ሱፍ ምናልባት ብሎ ሻንጣው ታች ከትቶት ኖሯል። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ጥቁር ቆዳ ጫማ። ወሩ መጋቢት ማለቂያ ነው፤ ድሬ መጋል ጀምራለች። ክፍሎቻችን ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው፣ ማራገቢያ የላቸውም። ሁለተኛው ፒሪየድ ላይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሦስተኛው ላይ ከረባቱ በላብ ርሷል። አንዲት ተማሪ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችው። ሌሎቹ ሳቁ፤ ግን የፊተኛው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። አዝነውለታል።

እኔ ይህን አየሁና በራሴ ተናደድኩ። «ይህ አይሆንም» ብዬ ነገርኩት እንጂ «ይህ ይሆናል» አላልኩትም። ግማሽ ነገር ነግሬ ነው የተውኩት። ሰው ከልክ ያለፈ ቀላል ነገር ለብሰሃል ሲባል ወደ ሌላኛው ጫፍ ነው የሚሮጠው።

የሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ የባሰ መጣ። ጥለት ያለው የሀገር ልብስ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ። አንድ ሰው «አገሩን አክብር» ብሎ መክሮት ይሆናል። በር ላይ ጥበቃው «እንኳን አደረሰህ!» አለው። ስታፍ ሩም ስገባ ሁለት ሰው «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ልብስ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ደግሞ ተማሪዎቻችን ግማሹ ሙስሊም ናቸው፤ ለነሱ ያ ልብስ የትምህርት ቤት ልብስ አይደለም። ማንም አልተቀየመም። ግን ማንም እንግሊዝኛ አልተማረም፤ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲነሱ ዋሉ።

አጎቴና የህንዷ አስተማሪ

በዚያ ሰሞን ነገሩን ለአጎቴ አጫወትኩት። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሐረር ነው የተማረው። ያኔ የውጭ አገር አስተማሪ ብርቅ አልነበረም። ህንዶች በየትምህርት ቤቱ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1962 ደግሞ የአሜሪካኖቹ ፒስ ኮር የመጀመሪያ ቡድን ገባ፤ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች በአንድ ጊዜ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። አጎቴን ያስተማረው አሜሪካዊ ነጭ ሸሚዝና ቀጭን ጥቁር ከረባት አይለየውም ነበር ይላል።

ስለ ጂኦግራፊ አስተማሪው ስጠይቀው ግን ፊቱ በራ። ህንድ ናት። በየቀኑ ሳሪ ትለብሳለች። በየቀኑ ሌላ ቀለም። «አንድም ልጅ ስቆባት አያውቅም» አለኝ። «የኛን ልብስ አልለበሰችም እኮ። ግን ጠዋት ተነስታ ለኛ ብላ እንደለበሰች ይታወቃል። እጥፋቱ ሁሉ ልክ ነው።»

ይህ ለኔ ብዙ ነገር ፈታልኝ። እንግዳው እኛን እንዲመስል አይደለም የምንፈልገው። የሀገር ልብሱ ያሳቀን ለዚህ ነው።

መኪና ግርግር

ቅዳሜ ሐረር ይዤው ሄድኩ። የፊዚክሱንም መምህር «አንተም ና፣ ለወንድ ሱሪ የወንድ ዓይን ይሻላል» አልኩት። እያጉረመረመ መጣ።

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲጨርስ ነፋሱ ይለወጣል፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው ከፍታዋ፣ እኛ ደግሞ 1,200 ላይ ነን። አወዳይ ስንደርስ እንግዳው ጃኬት አማረው። እኛ ሳቅንበት።

ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ የምትወርድ ጠባብ መንገድ አለች። መኪና ግርግር ትባላለች። ስሟ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው፣ እግራቸው እየረገጠ፣ እጃቸው እየገፋ ይሰፋሉ። ጨርቁ እዚያው ይሸጣል፤ መርጠህ፣ ተለክተህ፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ልብስህ ይጠብቅሃል።

አንድ ሸምገል ያሉ ሰፊ ጋ ቆምን። እንግዳው ጠረጴዛው ላይ ካለው አንድ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ጨርቅ አነሳ። ሰውየው ከእጁ ተቀበሉትና በሁለት ጣታቸው አሽተው መለሱት።

«ለየት አገር ነው?» አሉኝ።

«ለድሬ።»

«ይሄ ላስቲክ ነው። ድሬ ላይ ይቀቅለዋል። ጥጥ ውሰድ በይው።»

ከዚያ ስለ ሙቀት አንድ ትምህርት ሰጡን። እኔም ድሬ ተወልጄ ያላስተዋልኩትን ነው የነገሩኝ። የሚያቀዘቅዘው ቆዳን መግለጥ አይደለም አሉ። ጸሐይ የነካው ቆዳ ይቃጠላል። የሚያቀዘቅዘው በጨርቁና በገላ መሀል አየር ሲኖር ነው። «እናቶቻችንን እይ» አሉት በኔ አስተርጓሚነት። እውነት ነው። የድሬና የሐረር ሴት ድሪያዋ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናታል፤ ግን ስስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ስትራመድ ነፋስ ያስገባል። ወንዱም ሽርጥ የሚያገለድመው በዚሁ ሒሳብ ነው። ቁምጣ የለበሰው ፈረንጅ ከሁላችንም በላይ ሲሞቀው የነበረው ለካ ለዚህ ነው።

ሰውየው ሱሪውን ከልኩ ትንሽ አሰፉት፤ ወገቡ ላይ ሁለት ሁለት እጥፋት ጨመሩበት። ቀለሙን የመረጠው የፊዚክሱ መምህር ነው፤ «አቧራ የማያሳይ» ብሎ አሸዋማ ቀለም አወጣ። አንዱ ሱሪ የዚያኑ ከሰዓት ደረሰ። ሁለቱን በማግሥቱ በሚኒባስ ሹፌር ላኩልን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እንግዳው ስለ ጃፓን ሌላ ነገር አጫወተን። እዚያም ሱፍና ከረባት በበጋ ያስጨንቅ ነበር። መንግሥት ራሱ በፈረንጆቹ 2005 ዘመቻ አወጀ፤ ቢሮዎች ማቀዝቀዣቸውን 28 ዲግሪ ላይ እንዲያደርጉ፣ ሠራተኛው ደግሞ ከረባቱንና ኮቱን እንዲያወልቅ። የፊዚክሱ መምህር «28 ዲግሪ ለኛ ብርድ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ጋዋኑ

የቀረው ነገር አንድ ነበር፣ እሱም ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር። ነጩ ጋዋን።

የኛ መምህራን ክፍል ሲገቡ ጋዋን ይለብሳሉ። ሥራው የታወቀ ነው፤ የጠመኔ ብናኝ ልብስ እንዳያበላሽ። ለበጎ ፈቃደኛው ግን ማንም አልሰጠውም። በደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌለ በጋዋን ዝርዝርም ላይ የለም። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነው። ከስቶር አንድ ትልቅ ቁጥር አወጣን። ክንዱ ላይ ሲሞክረው የፊዚክሱ መምህር ድንገት እንዲህ አለው፦

«ይሄ ለጠመኔ ነው ይላሉ። እኔ የምወደው ሸሚዜን ስለሚሸፍንልኝ ነው። አንገትጌዬ አልቋል።»

እንግዳው ምንም አላለም። ጋዋኑን ቆለፈ።

ከሰኞ ጀምሮ ልብሱ እንዲህ ሆነ፦ የሐረሩ ሱሪ፣ ስስ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ እስከ ክርኑ የተጠቀለለ፣ በጀርባው የሚታሰር ቡናማ ቆዳ ሰንደል፣ ጋዋን። ሰንደሉ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። ምክትሉ «ሽፍን ጫማ ይሁን» አለ። እኔ ሰንደል ይበቃል አልኩ፤ ከኛም መምህራን ግማሹ ቆዳ ሰንደል ነው የሚያደርገው። ነጠላ ጫማ ሌላ ነው፣ እሱ የመታጠቢያ ቤት ነው። ለውጭ ሰው ይህ ልዩነት አይታይም፤ ሁለቱም ጣት ያሳያል። ለኛ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ወፊቱ እጅጌው ሲጠቀለል ትታይ ነበር። እሷን ሸፍን አላልነውም። ምክትሉ ጠይቆኝ ነበር፤ «ተዋት፣ ማንንም አልነካችም» አልኩት። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ስለ ወፏ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። መቼ፣ የት፣ ለምን፣ ያማል ወይ፣ እናትህ ምን አለች። ያለፈ ጊዜ ግስ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። አንዷ ልጅ ደግሞ አያቷ ግንባሯ ላይ ስላላት የመስቀል ንቅሳት ተነስታ ተናገረች። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገረችው።

ያልተስተካከለው

ሁሉም ነገር አማረ ማለቴ አይደለም። አምስቱን ሳምንት መመለስ አልተቻለም። አንዳንድ ክፍል ውስጥ ቅጽል ስሙ እስከ ሰኔ ድረስ «ቲቸር ቁምጣ» ነበር። ሦስት ወላጆች ቀደም ብለው ለርዕሰ መምህሩ አቤት ብለው ነበር፤ ከነሱ አንዱ ልጁን ከሱ ክፍል አስቀይሮ ሳይመልሰው ቀረ።

በር ላይ የተመለሰው ልጅ ደግሞ የዚያን ቀን ሁለት ፒሪየድ አመለጠው። ይቅርታ ያለው የለም። ጥያቄው ትክክል ነበር፣ የተቀጣው ግን እሱ ነው። እኔ በዩኒት ሊደሩ በኩል «ጫማው ለተቀደደ ልጅ አንድ ቀን ይታለፍለት» የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። «እናያለን» ተባልኩ። አሁንም እያየን ነው።

ለቀጣይ እንግዳ የሚሆን አንድ ገጽ ግን ጽፈናል። ከመምጣቱ በፊት የሚላክለት ነው። እንደ ደንብ አልጻፍነውም፤ እንደ ደብዳቤ ነው። አንድ የድሬ መምህር በተራ ቀን ምን እንደሚለብስ ይናገራል፦ ጥጥ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ የቆዳ ጫማ ወይም ሰንደል። ለሴት ከጉልበት በታች የወረደ ቀሚስ ወይም ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ትከሻ የሚሸፍን። ሻሽ ማሰር ግዴታ እንዳልሆነ። ጋዋን እኛ እንደምንሰጥ። ሱፍ ካለህ አንድ ያዝ፣ ለወላጆች በዓል ይሆንሃል። ልብስ እዚህ ማሰፋት ርካሽ ስለሆነ ብዙ አትሸከም። መጨረሻው ላይ የፊዚክሱ መምህር አንድ መስመር ጨመረ፦ «ያረጀ ልብስህን አታምጣ፤ ያረጀ እኛም አለን።» ርዕሰ መምህሩ ይህች ትውጣ አለ። እኔ ትቆይ ብዬ ተከራከርኩ። ቆየች።

በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ሴት መምህርት መጣች። ደብዳቤው ደርሷት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ ስለ ልብሷ ምንም አላሉም። ስለ ጥያቄዎቿ ክብደት ግን ብዙ አሉ።

እንግዳው ሰኔ ላይ ሊሄድ ሲል ሻንጣው አልዘጋ አለው። የሐረሮቹን ሱሪዎች አልለቅም አለ። ጥቁሩን ሱፍ አውጥቶ ለፊዚክሱ መምህር ሰጠው። ወጣቱ መጀመሪያ እንቢ አለ። ከዚያ «እንዲያው ልሞክረው» አለ። ትከሻው ልክ ነው። ሱሪውና እጅጌው ግን አንድ ስንዝር ይተርፋሉ። በሳምንቱ መኪና ግርግር ለሸምገል ያሉት ሰፊ ወሰደው።

የወላጆች በዓል ዕለት ለብሶት መጣ። ድሬ ያን ቀን እሳት ነበረች። ከረባቱንም አላወለቀ፣ ኮቱንም አላወለቀ። እጅጌው አሁንም ትንሽ ይረዝማል።